በመንግሥት ግዥ ‹ለአካባቢ ተስማሚ› የሚለውን ሐረግ በምን እንተካው?

መነሻ

ለሚመጣው በጀት ዓመት የመምሪያችን የግዥ ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደሴ ነው። ዕቃ ስትገዙ አካባቢን የማይጎዳውን ምረጡ ተብለናል። ባለፈው ጨረታ ሰነዱ ውስጥ ‹ለአካባቢ ተስማሚ የሆነ› የሚል ሐረግ አስገብተን ነበር። አቅራቢዎቹ በሙሉ ‹ያሟላል› ብለው ሞሉት፤ አሸናፊውን የለየው እንደ ወትሮው ዋጋ ብቻ ሆነ። መጋዘን የገባው ወረቀት፣ ቶነር፣ አምፖልና የጽዳት ዕቃ ከአምናው በምንም አልተለየም። ሐረጉን በምን እንተካው? ከየትኛው ዕቃ እንጀምር? ኦዲተር ሲጠይቅስ በምን እንመልሳለን?

ይህን ጥያቄ የለጠፍኩበት የውይይት ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር የመጡትን መልሶች በየተራቸው በራሴ ቃል ከታች አስቀምጫለሁ።

መልስ 1። አብሽር ብሎ የጀመረው የኮምቦልቻ ሰው ሐረጉን ከነጭራሹ አውጡት ይላል። ተረካቢ ኮሚቴ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ከመቆረጡ በፊት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በሚዛን፣ በሜትር ወይም በዓይኑ ሊያረጋግጠው የማይችለው ቃል ሁሉ ለአቅራቢው የተከፈተ በር ነው። እያንዳንዱ የስፔስፊኬሽን (የፍላጎት መግለጫ) መስመር ቁጥር፣ መለኪያና ማስረጃ ይኑረው፤ የሦስቱ አንዱ ከጎደለ መስመሩ ይሰረዝ። ጅምሩም በወረቀት ይሁን፤ በየወሩ የሚገዛ ስለሆነ ስህተቱ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም ይታረማል ብሏል።

መልስ 2። የወረቀቱን ሒሳብ በዝርዝር አስቀመጠው። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 80 ግራም ከሆነ (80 ግራም የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) አንዱ ቅጠል 5 ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 500 ቅጠል የያዘው ፓኬት ከነማሸጊያው ሳይሆን ወረቀቱ ብቻ ወደ 2.49 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 75 ግራም 2.34፣ ባለ 70 ግራም ደግሞ 2.18 ኪሎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ማሸጊያው ላይ 80 ተጽፎ ውስጡ 75 ወይም 70 መሆኑ ነው። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ግራም የሚያነብ አነስተኛ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከየአሥሩ ካርቶን አንዱን ከፍቶ ከመካከል አንድ ፓኬት መመዘን፣ ውጤቱንም በርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ ማስፈር ነው። ከላይ ያለውን ፓኬት አትመዝኑ፣ ደኅናው ሁሌም ከላይ ነው የሚል ማሳሰቢያ ጨምሯል።

መልስ 3። በትሕትና ተቃወመ። አካባቢን ካሰብን ቀላሉን ወረቀት መግዛት አይሻልም ወይ? ባለ 70 ግራም ከባለ 80ው 12.5 በመቶ ያነሰ እንጨት ይበላል፤ በዋጋም ይረክሳል። ለምን ከባዱን እንጠይቃለን አለ።

መልስ 4። ይህ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁን ነገር ያስተማረኝ መልስ ነው። ቀላሉ ወረቀት ቁጠባ የሚመስለው በአንድ ገጽ ብቻ ሲታተም ነው። በደብዳቤያችን ላይ ክብ ማኅተምና ቲተር (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ማኅተም) ያርፋል፤ በ70 ግራም ወረቀት ላይ የማኅተሙ ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል፤ ጀርባው ላይ የታተመውም አይነበብም። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ ወደ አንድ ገጽ ይመለሳል። 100 ገጽ ሰነድ በ70 ግራም በአንድ በኩል ብቻ ሲታተም 437 ግራም ወረቀት ይወስዳል፤ ያው ሰነድ በ80 ግራም ፊትና ጀርባ ሲታተም 250 ግራም ብቻ። ስለዚህ የሚገዛው ወረቀት ከባዱ ይሁን፤ የሚገዛው ፕሪንተር ደግሞ ሁለቱን ገጽ በራሱ የሚያትም ይሁን፤ መረጃና ኮምፒውተር ክፍሉም በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፊትና ጀርባ የሚለውን ቋሚ ምርጫ አድርጎ ያስተካክል። ሦስቱ አብረው ካልሄዱ አንዱ ብቻውን ዋጋ የለውም። በተጨማሪ የደሴ ክረምት ጉም ወረቀቱን እንደሚያረጥበው፣ የረጠበው ጫፉ እየተጠቀለለ ማሽን ውስጥ እንደሚያዝና ሠራተኛው ጥፋቱን በፊትና ጀርባ ማተሙ ላይ እንደሚያሳብብ ጽፏል። ካርቶኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ የተከፈተ ፓኬት ርጥበት በማያስገባ ነገር ተጠቅልሎ ይደር።

መልስ 5። እዚህ ድምፁ ተቀየረ። ይህ ሁሉ ለወሬ ያምራል፤ ኦዲተር የሚያውቀው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ የመረጠ የግዥ ባለሙያ በራሱ ደመወዝ ይከፍላል አለ። መነሻውን የጻፍኩትን እኔንም ልምድ እንደሌለኝ ቆጥሮ ገሠጸኝ።

መልስ 6። ለ5ኛው ጠንከር ያለ እርማት ሰጠ። ዝቅተኛ ዋጋ የሚወዳደረው የፍላጎት መግለጫውን ባሟሉት መካከል ነው። 70 ግራም ያቀረበ አቅራቢ 80 ግራም በተጠየቀበት ጨረታ በቴክኒክ ግምገማው ይወድቃል፤ የዋጋ ፖስታው ወደ ውድድር አይገባም። ይህን አለማወቅ ነው ባለሙያን የሚያስከፍለው። ነጥብ ሰጥቶ ማወዳደርም ቢፈለግ መስፈርቱና የነጥቡ ክብደት በጨረታ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ፖስታ ከተከፈተ በኋላ የመጣ መስፈርት ግን ጨረታውን ያፈርሰዋል። የንግድ ስም መጥቀስም ክልክል መሆኑን አስታውሶ፣ ሌላ መግለጫ ሲጠፋ ብቻ ‹ወይም ተመጣጣኝ› ከሚል ቃል ጋር እንዲገባ መክሯል።

መልስ 7። በ6ኛው ላይ ተንተርሶ የፕሪንተር ሒሳብ ሠራ፤ ዋጋዎቹ ለማስያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው ፕሪንተር 18,000 ብር ነው፤ ቶነሩ 3,000 ብር ሆኖ 1,500 ገጽ ያትማል፤ አንድ ገጽ በ2 ብር መሆኑ ነው። ሁለተኛው 30,000 ብር ነው፤ ቶነሩ 6,000 ብር ሆኖ 6,000 ገጽ ያትማል፤ ገጹ በ1 ብር። በወር 2,000 ገጽ የሚያትም ክፍል በአምስት ዓመት 120,000 ገጽ ይደርሳል። የመጀመሪያው ከነቶነሩ 258,000 ብር፣ ሁለተኛው 150,000 ብር ይሆናል። ባዶ የሚጣለው የቶነር ቀፎ ደግሞ በመጀመሪያው 80፣ በሁለተኛው 20 ነው። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ ቅጹ የማሽኑን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቶነሩን ዋጋና የገጹን ብዛት እንዲያስሞላ አድርጉት። የገጹ ብዛትም አይሶ 19752 በሚባለው መለኪያ የተገኘ ይሁን፤ አለበለዚያ ሁሉም የፈለገውን ይጽፋል።

መልስ 8። የቶነር ቀፎን በዱቄት እያስሞሉ መጠቀም ይሻላል አለ፤ በሁለት መስመር ብቻ።

መልስ 9። እንደገና መሙላት ጥሩ ነው፣ ግን በግማሽ ከተሠራ ጉዳቱ ይብሳል ብሎ አስፋፋው። የሚሞላው ሰው ዱቄቱን ጨምሮ ብቻ ከመለሰ፣ ቆሻሻ ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ክፍል ስላልተራገፈ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚታየው ለዚህ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ቀጭን መስመር ከታየ መጥረጊያው ላስቲክ አልቋል ወይም ድራሙ ተጭሯል። እንዲህ የተበላሸው ወረቀት እንደገና ይታተማል፤ ቁጠባው እዚያው ይጠፋል። ውሉ ላይ ማስሞላት ማለት ቆሻሻውን ማራገፍ፣ ላስቲኩን ማየት፣ ቺፑን መለወጥና 20 ገጽ የሙከራ ሕትመት አቅርቦ ማስረከብ ነው ተብሎ ይጻፍ። የፈሰሰ ዱቄት በሙቅ ውኃ አይጠረግም፤ ይቀልጥና ይጣበቃል።

መልስ 10። ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ነው። አሥር ሰው ስለ ወረቀት ሲከራከር 6217 የተባለውን የነዳጅና ቅባት የበጀት ኮድ ያነሳ የለም፤ ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው አለ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ አምፖል መቀየር የመብራት ክፍያን እንጂ ጭሱን ብዙም አይቀንስም፤ ጭሱ ከመኪናውና ከጄኔሬተሩ ነው። ወደ አቀስታ በሰኞ፣ በዚያው መንገድ ወደ መካነ ሰላም በረቡዕ ሁለት ሃርድቶፕ መኪና የሚልክ መሥሪያ ቤት ወረቀት ቢመዝን ምን ይጠቅማል ሲል ጠየቀ።

ቃሉ ቢከረርም ነጥቡ ትክክል ነው፤ እኔም ዕቅዱ ላይ ነዳጅን አስቀድሜያለሁ።

መልስ 11። ከ10ኛው ጋር በመኪናው ተስማምቶ በአምፖሉ ተለየ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚነሳበት መሥሪያ ቤት የአምፖሉ ዋት በቀጥታ ናፍጣ ነው። ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንት ከነባላስቱ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የሚተካው ኤልኢዲ 18 ዋት ነው። በወር 176 የሥራ ሰዓት ሲታሰብ 100 አምፖል ወደ 475 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥባል። ከዚያ ወደ ጄኔሬተሩ ራሱ ገባ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም፤ ቱርቦ የሌለው ደግሞ የባሰ ይደክማል። ስፔስፊኬሽኑ ላይ ከፍታው ካልተጻፈ አቅራቢው የባሕር ጠለሉን ቁጥር ያመጣል። ይህን የፈራ መሥሪያ ቤት በበኩሉ እጥፍ የሚሆን ጄኔሬተር ይገዛል፤ እሱም ከ30 በመቶ በታች ጭኖ ሲሠራ ናፍጣው በወጉ አይነድም፣ ጭስ ማውጫው ጥቁር ቅባት ይተፋል፣ ሞተሩም ያለ ዕድሜው ያረጃል። መፍትሔው መጀመሪያ አምፖሉንና ኮምፒውተሩን ማቅለል፣ ከዚያ የቀረውን ጭነት ለክቶ ጄኔሬተሩን መግዛት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ትልቁ ጄኔሬተር ለአሥር ዓመት እዚያው ቁጭ ይላል።

መልስ 12። ኤልኢዲ ሲገጠም የሚሠራ ስህተት ጠቆመ። በቀጥታ መስመር የሚሠራውን ቲዩብ ባላስቱና ስታርተሩ ባልወጣበት ማቀፊያ ላይ ከሰኩት ይቃጠላል፤ ለገጣሚውም አደጋ ነው። መስመሩ ከተቀየረ በኋላ ማቀፊያው ላይ ምልክት ይለጠፍ፤ ሌላ ቀን ሌላ ሰው አሮጌውን ፍሎረሰንት መልሶ እንዳይሰካበት። አሮጌዎቹ ቲዩቦች ሜርኩሪ አላቸው፤ አይሰበሩ፣ በመጡበት ካርቶን ቆመው ይቀመጡ።

መልስ 13። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች የአየር ማቀዝቀዣ ጉዳይ አነሳ። ሰሌዳው ላይ አር 410ኤ የተባለ ጋዝ ከተጻፈ፣ ከውስጡ 1 ኪሎ ሲያመልጥ ከ2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ምድርን ያሞቃል፤ አር 32 ከሆነ 675 ነው። ደሴ ላይ ግን ማቀዝቀዣ መግዛት ራሱ አያስፈልግም፤ መስኮት ይከፈት ብሎ አበቃ።

መልስ 14። የስብሰባ ሃይላንድ። 60 ሰው፣ ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር፦ 360 ሃይላንድ። ያው 180 ሊትር ውኃ ተመላሽ በሆነ ባለ 20 ሊትር ጃር ዘጠኝ ጃር ነው። ብርጭቆ ተገዝቶ አንዴ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ለዓመታት ይሠራል። ከዝናብ በኋላ ቦርከናን ከደሴ በታች ቆሞ ያየ ሰው ሃይላንዱ የት እንደሚሄድ ያውቀዋል፤ ተንሳፍፎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ከሚሴ ይወርዳል። ፌስታልንም ጨመረበት፦ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስሱን ፌስታል ከከለከለ ስንት ዓመቱ፣ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ የበለጠ አጥብቆታል፤ የመንግሥት ዕቃ በፌስታል ሲመጣ ተረካቢው ለምን ይቀበላል አለ።

መልስ 15፣ 16 እና 17። እዚህ ክሩ ወደ ቡና ሄደ። አንዷ የስብሰባ ቡና በፕላስቲክ ኩባያ መቅረቡ ለወሎ ሰው ነውር ነው፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በሲኒ ነው የሚጠጣው አለች። ሌላው ከሰሉስ ደን አይደለም ወይ ብሎ መለሰላት። ሦስተኛው ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ ጣዕሙ ግን ያው አይሆንም ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ፤ አላስታረቀም። የሲኒው ሐሳብ ግን ለዕቅዱ ይሆናል፤ ወስጄዋለሁ።

መልስ 18። ወደ ጉዳዩ መለሰን። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ከጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ የአይሶ 14001 የአካባቢ አያያዝ ምስክር ወረቀት መጠየቅ ጀምሯል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው አለ። ያ ምስክር ወረቀት ስለ ድርጅቱ አሠራር እንጂ ስለ ወረቀቱ ምንም አይናገርም። ደሴ ፒያሳ ላይ ያሉ ትናንሽ ነጋዴዎች በሙሉ ከውድድር ይወጣሉ፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል፤ ዋጋውም ነዳጁም ይጨምራል። ለወረቀት የሚጠየቀው የዕቃው ምልክት ነው። የኤፍኤስሲ (እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን የሚያሳይ) ምልክት ከሆነ ከሥሩ ስድስት አኃዝ ያለው የፈቃድ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ የማን እንደሆነ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥር የሌለው ምልክት ሥዕል ነው።

መልስ 19። ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ መሣሪያ) ባትሪ ጻፈ። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አብዛኛው እርሳስ ነው። ዴስክቶፕ በተገዛ ቁጥር አንድ ዩፒኤስ ይከተለዋል፤ በሁለት ሦስት ዓመት ባትሪው ይሞታል። ላፕቶፕ ከተገዛ ግን ይህ ወጪና ቆሻሻ የለም። ለነባሮቹ አዲስ ባትሪ ያመጣው አቅራቢ አሮጌውን እንዲወስድ ውል ይግባ አለ።

መልስ 20። ወዲያው አረመው፣ በቁጣ ጭምር። አሮጌው ባትሪ የመንግሥት ንብረት ነው፤ የማስወገድ ውሳኔ ሳይሰጥበት ለአቅራቢ የሰጠ ንብረት ኃላፊ ይጠየቅበታል። ትክክለኛው መንገድ አስወጋጁ ኮሚቴ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ ተሰብስቦ በብዛትና በኪሎ እንዲወስን ማድረግ፣ ርክክቡንም በፊርማ ማያያዝ ነው።

መልስ 21። ከሁሉም ጀርባ ያለው ችግር የሰኔ ግዥ ነው አለ። በጀቱ ሰኔ 30 እንዳይመለስ በሁለት ሳምንት ውስጥ በፕሮፎርማ (ያለ ግልጽ ጨረታ ዋጋ በማሰባሰብ) የሚገዛ ዕቃ ስፔስፊኬሽን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገበያ ላይ የተገኘው ይገባል። የዓመቱ የወረቀትና የቶነር ፍላጎት ከሐምሌ እስከ መስከረም ተጠቃሎ በአንድ ጨረታ ይውጣ፤ ዕቃው ግን በየሩብ ዓመቱ ይግባ፤ መጋዘን ውስጥ አሥር ወር እንዳይረጥብ። ከእኛ ልማድ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ እኔ እንደማየው ከላይ የተባለው ሁሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ነው።

መልስ 22። 5ኛው ተመልሶ መጣ። 6ኛው ትክክል ነው ብሎ በግልጽ አምኗል፤ ስለ አነጋገሩም ይቅርታ ጠይቋል። ኦዲተር ፊት የሚያድነውን ዝርዝርም ሰጠ፦ ስፔስፊኬሽኑን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ፊርማ፣ ለእያንዳንዱ መስፈርት ሁለት መስመር ምክንያት፣ ቢያንስ ሦስት አቅራቢ ሊያሟላው እንደሚችል የገበያ ጥናት፣ የተመዘነበት ቃለ ጉባኤ። እነዚህ አራቱ ፋይሉ ውስጥ ካሉ ክርክሩ በአንድ ቀን ያልቃል።

ከዚህ በኋላ የወረቀቱን መስመር ጽፌ ለጠፍኩት፦ ኤ4፣ 80 ግራም፣ 500 ቅጠል፣ የወረቀቱ ክብደት 2.49 ኪሎ።

መልስ 23። የመቻቻያ ልክ አልጻፍክም አለኝ። አንድ ግራም የጎደለበት አቅራቢ ቢባረር አቤት ይላል፣ ይረታልም፤ 4 በመቶ ወዲህና ወዲያ ጻፍ።

መልስ 24። 4 በመቶ በክረምት አይሠራም ሲል 2ኛው ራሱ መለሰ። 4 በመቶ ማለት ዝቅተኛው 2.395 ኪሎ ነው። ባለ 75 ግራም ወረቀት ደረቅ ሲሆን 2.34 ኪሎ ስለሚመዝን ይወድቃል፤ በነሐሴ ጉም 3 በመቶ ያህል ርጥበት ሲጠጣ ግን 2.41 ኪሎ ይሆንና ባለ 80 መስሎ ያልፋል። ልኩ 3 በመቶ ይሁን፣ የሚመዘነውም ማሸጊያው ያልተቀደደ ፓኬት ብቻ ይሁን።

መስመሩ አሁን እንዲህ ሆኗል፦ ኤ4፣ 80 ግራም፣ 500 ቅጠል፤ ማሸጊያው ያልተቀደደ ፓኬት በርክክቡ ቀን ተከፍቶ ሲመዘን ወረቀቱ ከ2.42 ኪሎ ያላነሰ፣ ከ2.57 ኪሎ ያልበለጠ።